«ቆርጠህ ቀይር ብዬው ነበር»

ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸውን የነገረኝ ወረታ መገንጠያው ላይ ጎማ የሚጠግን የድሮ ጎረቤቴ ነው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ሰውየህ አረፉ፤ ዛሬ ይቀበራሉ» አለኝ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁትም። አንበሳሜ ካለው ሱቄ በራፍ ላይ የመስኮት ፍርግርግ እየበየድኩ ነበር። የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባ አልመጣልኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሞተ ሰው የሚገባ ሐሳብ አልነበረም። «ሳይናገሩ ሄዱ» ነው ያልኩት።

ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ሠልስቱ ዕለት ግን ሄድኩ። እዚያ የሆነው እንዲገባችሁ ሰውየው ማን እንደነበሩ ላስቀድም።

ጋሽ ይሁኔ መካኒክ ነበሩ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበራቸው። የእኔ የብየዳ ሱቅ ከአጥራቸው ጋር ይዋሰን ነበር። እሳቸው ሞተርና ካምቢዮ ይሠራሉ፤ የተሰበረ፣ የተጣመመ፣ የተበላ ብረት ሲመጣ «መልካሙ!» ብለው በአጥሩ ላይ ይጠሩኛል። ስምንት ዓመት እንዲህ ጎን ለጎን ኖርን።

ረጅም ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ኮፈን ሥር ስላጎነበሱ ትከሻቸው ጎበጥ ብሏል። የታመመ ሞተር ሲያዳምጡ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ሰው ቢያናግራቸው መልስ የለም። ግራ እጃቸውን ብቻ ቀስ አድርገው ያነሳሉ፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ሻይ የምታመጣውም ልጅ ዝም ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና «ሦስተኛው ነው» ይላሉ። ሲፈታ ሦስተኛው ይሆናል። የቸኮለ ሹፌር ሲነጫነጭባቸው «አሟታል እንጂ አልሞተችም፤ ምን ያስለቅስሃል?» ብለው ያስቁታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያቆሙ እጃቸውን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጥፍራቸው የመካኒክ ጥፍር አይመስልም ነበር።

አንድ ጊዜ ስሞርድ የብረት ፍንጣሪ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሥራቸውን ጥለው ባሕር ዳር ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን በፋሻ አስሮ እስከ ማግስቱ እንዳይፈታ አለ። ምሳ የበላሁት በሳቸው እጅ ነው። «አፍህን ክፈት» ይሉኛል፤ እከፍታለሁ። አባቴ የሞተው ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ፣ ወንድ ልጅ አባቱ ሲያጎርሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ያውም በሠላሳ ዓመቴ።

ሌላም አለ። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ካምቢዮው ተሰበረ ብሎ ሹፌሩን በሰው ፊት ሲያዋርደው ጋሽ ይሁኔ ከጋራዡ ወጡ። «ሹፌሩን ተወው። ገጥሜ ስጨርስ አንድ ቡሎን ሳላጠብቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉት። ማንም አልጠረጠራቸውም ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። መኪናውን እዚያው አስገብተው እንደገና ሠሩት። እኔ ያን ዕለት በአጥሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ያመንኳቸው ለዚህ ነው።

ላንድሮቨሯ የመጣችው በስድስተኛው ዓመታችን ነው።

ድሮ የተዘጋ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ግቢ ውስጥ፣ ግራር ሥር፣ ጎማዋ መሬት ገብቶ ቆማ የኖረች ናት። ዶሮዎች መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። በጨረታ የገዛት ጸጋዬ ነው። ጸጋዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሩዝ መፈልፈያ የከፈተ ሰው ነው። ሩዝ የሚገዛው በብዛት ከቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ስለሆነ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው የሚሆነውን ያያል፤ የታመመ ሰው በወሳንሳ ተሸክመው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አስፋልት ሲደርሱ። «ለራሴም ትሆነኛለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ለነሱ ትሠራለች» አለን።

በትራክተር አስጎትቶ ጋራዡ በር ላይ ሲያቆማት ጋሽ ይሁኔ ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ በመዳፋቸው ጎኗን መታ መታ አደረጉና «አንቺ! እስካሁን አለሽ?» አሏት። በወጣትነታቸው የዚያው ፕሮጀክት ረዳት መካኒክ ነበሩ። መንዳት የተማሩት በሷ ነው። የቀኝ በሯ ላይ ያለውን ስርጉድ ራሳቸው ከአጥር ጋር ያጋጯት ጊዜ የተፈጠረ መሆኑን እየሳቁ አሳዩን። «ይቺን አትጠግንልኝ፤ ትቆይ» አሉኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን። ከሌላ ሥራ በተረፈ ጊዜ ነበር የምንሠራት። የቤንዚን ሞተሯን ዝገት ስለበላው ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር ገጠሙላት። ከውሃ እንድትርቅ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ ጨምረን ከፍ አደረግናት። ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከኮፈኑ አውጥቼ እስከ ጣሪያዋ ሰቀልኩት። ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ሠራሁ፤ አንደኛው ሲዘረጋ ሰው ያስተኛል። ጋሽ ይሁኔ አንድ ነገር በጨረስኩ ቁጥር መጥተው በአውራ ጣታቸው ብየዳዬን ይዳብሱታል። ደስ ካላቸው ምንም አይሉም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። ያቺን ነቅነቅ ለማግኘት ስንት ቀን እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቅ።

አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አልነካውም። የተሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው። አብዛኛው ደህና ነበር። ግንቦት ላይ፣ ሞተሩ ከገባና ከታሰረ በኋላ፣ ሥሯ ተኝቼ ባሌስትራው ከሻንሲው የሚታሰርበትን የፊት ግራ መያዣ በመዶሻ ስመታው ድምፁ አላማረኝም። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ያ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነበር። በካቻቢቴ ስወጋው ገባ። ውስጡ ተበልቷል።

ወጥቼ ነገርኳቸው። «ጋሽ ይሁኔ፣ ይሄ ቁራጭ መውጣት አለበት። ቆርጬ አዲስ ልተካ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ለመቁረጥ ሞተሩ መውረድ አለበት።»

«አዎ።»

«አሁን አላወርድም መልኬ። ለሰኔ ሚካኤል ትደርሳለች ብዬ ለቁሐሮች ቃል ሰጥቻለሁ። ከውጭ ወፍራም ላሜራ አልብሰው፤ ዙሪያውን በይደው። ክረምቱ ሲያልፍ አውርደን እንቀይረዋለን።»

«ይይዛል እንዴ?»

«እኔ ይይዛል ካልኩህ ይይዛል። ኃላፊነቱ የኔ ነው» አሉ።

አለበስኩት። ንጹሕ ብየዳ ነበር። ላዩን ጥቁር ቀለም የቀቡት ራሳቸው ናቸው። በአውራ ጣታቸው ግን አልዳበሱትም፤ ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ቁሐር ገባን። ጋሽ ይሁኔ ነጭ ጋቢ ለብሰው መሪው ላይ፣ ጸጋዬ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ። ሕዝቡ እልል አለ። የደብሩ ቄስ ምናሉ ወጥተው ጸበል ረጯት፤ በመስቀላቸው ኮፈኗን ባረኩ። ሴቶች እየዘፈኑ «ይሁኔ! ይሁኔ!» ሲሉ ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እንዲያ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም።

ሐምሌን በሙሉ ሠራች። ስንት ሰው አስፋልት እንዳደረሰች አላውቅም። ዝናብ ሲጥል ባደረ ቁጥር ግን ያ መያዣ ትዝ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ መኪናዋ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ስትመጣ፣ ከሜዳው ወደ አስፋልቱ የሚወጣው አፈር ድልድል ላይ፣ የፊት ግራ መያዣው ተገነጠለ። ጎማው ወደ ኋላ ሸሸ፤ መኪናዋ በግራ ጎኗ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ሴትዮዋን አውጥተው በሸክም አደረሷት፤ በሰላም ተገላገለች። ጸጋዬ የቀጠረው ሹፌር ተቧጨረ እንጂ ደህና ነው። ለሴትዮዋ ሊጸልዩላት አብረው የተሳፈሩት ቄስ ምናሉ ግን ቀኝ እጃቸው በመኪናዋና በመሬቱ መካከል ተይዞ ቀረ። እስኪያወጧቸው ብዙ ቆየ። ሐኪሞቹ እጁን አልቆረጡትም። ግን ከዚያ ወዲህ ጣቶቻቸው አልታዘዟቸውም።

እኔና ጋሽ ይሁኔ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ጭቃውን ገምሰን ደረስን። ቀድመው የተንበረከኩት እሳቸው ናቸው። ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉ። ብየዳዬ እንዳለ ነው፤ ላሜራው ላይ አንድም አልተሰነጠቀም። የተቀደደው የተበላው አሮጌ ብረት ነው፤ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም አንድ ነገር እንዳወቅንና አብረን እንደምንሸከመው ነው ያሰብኩት።

በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጡ። ቄስ ምናሉ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጸጋዬ የተገነጠለውን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጥቶ መሐል ላይ አስቀመጠው።

«ክስ አይደለም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ሰው ጭኜበታለሁ። ይህን ማን ሠራው?» አለ።

ተነሳሁ። «የበየድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጋሽ ይሁኔ እንደሚጨርሱት ስላልተጠራጠርኩ ዝም አልኩ። ሹፌሩን በሰው ፊት ያዳኑት ሰው ናቸውና።

ጋሽ ይሁኔ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ቆርጠህ ቀይር ብዬው ነበር። ቸኮለ» አሉ።

ይኸው ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አልተቆጡም። ሲናገሩ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩት፤ ልክ መፍቻ ሲያቀብሉኝ እንደሚያዩኝ።

«ጋሽ ይሁኔ?» አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሱ።

የበየደው እጅ የኔ ነበር። ትክክል እንዳልሆነ እያወቅሁ የበየድኩት እኔ ነኝ። ሄጄ ቄስ ምናሉ ጉልበት ላይ ወደቅሁ፤ «ይቅር በሉኝ» አልኩ። በግራ እጃቸው ራሴን ነክተው «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልጄ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጋሽ ይሁኔንም የጠየቃቸው የለም።

የሰደበኝ ሰው የለም። ሥራ የሚያመጣልኝ ነው የጠፋው። መጀመሪያ የጭነት ሹፌሮቹ ቀሩ፤ ቀጥሎ ባጃጆቹ። በአጥሩ ላይ ስሜን የሚጠራም ድምፅ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ መዶሻ ሲመታ እሰማለሁ፤ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ ብረት የሚበይድላቸው ሌላ ሰው ከገበያ ማዶ ሲመጣ አያለሁ። ባለቤቴ «ሄደህ ንገራቸው እንጂ፣ ቤታቸው አምስት ደቂቃ አይሆንም» ትለኝ ነበር። አልሄድኩም። በመጨረሻ ዕቃዬን ጭኜ አንበሳሜ ገባሁ። በርና መስኮት እሠራለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነካም።

ከዚያ በኋላ በሕይወት ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለብረት ግዢ ወረታ ሄጄ መገንጠያው ላይ ተገናኘን። ሊያልፉኝ ይችሉ ነበር። መጥተው ትከሻዬን ሳሙ። «መልኬ፣ እንዴት ነህ? ልጆች ደህና?» አሉ። ከዚያ ስለ አንድ አስቸጋሪ ካምቢዮ ያወሩኝ ጀመር፤ ምን እንደፈቱ፣ ምን እንዳገኙ። እየሰማሁ ቆሜያለሁ፤ «እሺ»፣ «እሺ» እላለሁ። አምልጠውኝ ቢሄዱ፣ ቢያፍሩ፣ ፊታቸውን ቢያዞሩ ይሻለኝ ነበር። «በል ደህና ሁን» ብለውኝ አስፋልቱን ተሻገሩ። ዞር ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩ።

ሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አንድ የማላውቀው የጭነት ሹፌር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ስለ ጋሽ ይሁኔ ያወራል፤ ደግነታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ቀልዳቸውን። ሹፌሩ ወደኔ ጠጋ ብሎ «አንድ በያጅ ጉድ እንደሠራቸው ታውቃለህ?» አለኝ። «ባሠለጠኑት፣ እንደ ልጃቸው ባዩት። ሰው አስጎዳባቸው። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ስሙን በክፉ አንስተውት አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የቀበርነው።»

«በያጁ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰውየው ብርጭቆውን አንስቶ ሌላ ወንበር ፍለጋ ሄደ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ባለቤታቸው፣ ከቤት ደጃፍ ላይ ሆነው አይተውኝ ኖሯል። በልጃቸው አስጠርተው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ከስተዋል። እጄን ያዙና «መጣህልኝ መልኬ» ብለው አለቀሱ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

«እትዬ፣ ቆርጠህ ቀይር አላሉኝም» አልኳቸው። ለምን እዚያ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ራሱ ወጣ።

እጄን አልለቀቁትም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ከሽማግሌዎቹ እንደተመለሰ ነግሮኛል። ምግብ አልቀመሰም ያን ቀን። ‹ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ አፌ እምቢ አለኝ› አለኝ። ነገ እናገራለሁ አለ። ከዚያ ሌላ ነገ አለ። ከዚያ መናገሩን ተወው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«የልጆቼ አባት ነው መልኬ። እኔ ላዋርደው?» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አንተም ዝም ብለሃል እኮ። ደግሞ ዛሬ ልጆቹ ውጭ ናቸው። ዛሬን አደራ።»

ምንም ቃል ሳልሰጣቸው ወጣሁ። መሄዴ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ቄስ ምናሉ ሊገቡ ሲሉ ተገናኘን። መስቀላቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ቀኙ ከጋቢያቸው ሥር ነው። ተሳለምኩ። መስቀል የያዘውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «መምጣትህ መልካም ነው። ይሁኔ እስከ መጨረሻው ይቅር ብሎሃል። አንተም ጸልይለት» አሉኝ።

ያቺ ቃል ናት ያላስቻለችኝ።

«አባቴ» አልኩ፤ «ያንን ብረት ቆርጬ ልቀይረው ያልኩት እኔ ነኝ። ከውጭ አልብሰው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እያወቅሁ ለበየድኩት ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ፤ ዛሬም እጠይቃለሁ። እሳቸው ግን እኔን ይቅር የሚሉበት ነገር የለም።»

አንድ ሰው «ኧረ በሞተ ሰው ላይ!» አለ። ሌላው «አስወጡት» አለ። ቄስ ምናሉ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?» አሉኝ።

«እሳቸው እስኪናገሩ እየጠበቅሁ ነበር» አልኩ።

እሳቸው ከትከሻዬ በላይ ወደ ቤቱ ተመለከቱ። ዞር ስል እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ልጆቹ ከኋላቸው።

«ጥሩወርቅ፣ እውነት ነው?» አሏቸው ቄሱ።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያይ ነበር። እኔ ግን መልሳቸውን ሳልጠብቅ ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ሄድኩ።